ዳገት ላይ እምቢ ያለው መኪና

ጥቅምት 9 ቀን

ለማከብርህ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ጋሼህም ደህና ነው፤ ግቢ ውስጥ የሰፈሩን ብስክሌት ሁሉ እየፈታና እየገጠመ ጡረታውን ያጣጥማል። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ የያዝከው ይባረክልህ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። ምርቃቱ እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ስልክ ያልደወልኩት አውቄ ነው። ስልክ ላይ እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ "ሃሎ፣ ሃሎ" ትላለህ፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ ከዚያ ተኮራርፈን እንከርማለን። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ ድረስ ማንም አያቋርጠኝም።

ትተህልኝ የሄድከው መኪና አዋረደኝ! ዕድሜዬን ሙሉ የማዘጋጃ ቤት የውሃ ቦቴ የነዳሁ ሴትዮ፣ ወንዶቹ "ይቺ መሪውን ትችለዋለች?" ሲሉኝ በገደል አፋፍ ኋላ ማርሽ አስገብቼ ያሳየኋቸው ሴትዮ፣ ዛሬ የአህያ ጋሪ ክላክስ ሊነፋብኝ ምንም አልቀረውም። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ መኪናው ዳገት ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ይጮሃል፣ አይሄድም። ቁጣ ብቻ እንጂ ሥራ የለውም፣ ልክ እንደ አንዳንድ ሰው።

የማመላልሳቸውን ሰዎች ታውቃለህ። ሦስቱም ኩላሊታቸው በማሽን የሚታጠብላቸው ናቸው፦ ልብስ ሰፊዋ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ እና ጠመንጃ በእጁ ነክቶ የማያውቀው ግን በጢሙ ብቻ "ኮሎኔል" የተባለው ጎረቤታችን። ሆስፒታሉ ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ዘግይተን ብንደርስ የኮሎኔሉን ማሽን ለሌላ ሰው ሰጥተውት ጠበቁን። ሰውየው ሳይታጠብ ተመለሰ፤ በማግስቱ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አልገለጥ ብሎት አየሁት። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቀድሞ ማንም ያልነካው መኪና መዳከሙን ሳይ ወደ ብሎን ጋራዥ ወሰድኩት። ብሎን ትዝ ይልሃል? ቀጭኑ፣ ራሱ ትልቅ የሆነው መካኒክ። ኮፈኑን ከፈተ፣ አዳመጠ፣ ጥርሱን ፋቀ፣ "ተርቦው ሞቷል እትዬ፣ መቀየር ነው" አለኝ። እንዲህ እንደ ቀላል ነገር! ተርቦ ከየት እንደሚመጣና ስንት እንደሚያወጣ ሳይነግረኝ ሌላ መኪና ሥር ገባ። አላመንኩትም። ጋሼህን ብጠይቀው "ቀስ ብሎ መሄድ ምን ክፋት አለው?" አለኝ። ይኸውልህ ምክሩ!

በል አንተ መካኒክ ነህ፣ ንገረኝ። ሞቷል ወይስ አልሞተም?

አክስትህ

---

ኅዳር 2 ቀን

ለምወድዎት ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። ጤናዎ እንደ ቁጣዎ የበረታ ይሁን። ጋሼንም በአክብሮት ሰላም ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት፣ የአውቶቡስ ሆድ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ሳነብ ሾርባዬ ቀዘቀዘ። እትዬ፣ እባክዎ ምንም ነገር እንዳይቀይሩ! እዚህ ያለው አለቃዬም እንደ ብሎን ነው። መኪና ደከመ ሲሉት ዓይኑን ሳያሽ "ተርቦ" ይላል። ተቀይሮ ድካሙ ሲብስ ደግሞ "ፓምፕ" ይላል። ሰው ሆድ ቁርጠት ይዞት ሲሄድ ሳይመረምር ልቡን የሚቀይርለት ሐኪም ቢኖር ምን እንለዋለን? እኔ በዚህ ነገር ከሰው ጋር መጣላት ሰልችቶኛል።

የናፍጣ መኪና ኃይል የሚያገኘው ከአየርና ከነዳጅ ነው። ተርቦ የሚባለው አየሩን አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ማራገቢያ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እናጣራ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ቆሽሾ እንደሆነ ያውጡና ይዩት። የናፍጣውን ፊልትሮም ያስቀይሩ፣ እሱ ርካሽ ነው። ዳገት ሲወጡ በመስታወት ወደ ኋላ ይመልከቱ፤ ጥቁር ጭስ ካለ ወይ አየር አንሶታል ወይ ነዳጅ በዝቶበታል። ወፍራሙ የአየር ቱቦ ተቀዶ እንደሆነ ነዳጅ ሲረግጡ ፉ የሚል ድምፅ ይሰማዎታል። ከነዱ በኋላ ጎማዎቹን በእጅዎ ይንኩ፤ አንዱ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞታል ማለት ነው፣ ሞተሩ ምንም አላደረገም።

ደግሞ አንድ ነገር። ድሮ ያቺ መኪና ፍጥነት ስትጨምር ቀጭን ፉጨት ነበራት፤ አባቴ "ዘፋኟ" ይላት ነበር። አሁንም ታፏጫለች?

ሳይጣሉ ይመርምሩ። ልብስ ሰፊዋንና መምህሩን እግዜር ይማራችሁ ይበሉልኝ፤ ለኮሎኔሉ ደግሞ ልዩ ሰላምታ።

የወንድምዎ ልጅ

---

ኅዳር 28 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ምርቃቱን እንደደረሰህ ቁጠረው።

መልስ የዘገየሁት ለመሞት ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበር ነው። ዳገቱ ላይ ከፊቴ እንጨት የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ ነበር። መንገዱ ባዶ መሆኑን አየሁና ልቅደመው ብዬ ወጣሁ። እኩል ስሆን ከላይ አውቶቡስ ብቅ አለ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። የድሮው ያ መኪና ቢሆን ኖሮ ተስፈንጥሮ ይወጣ ነበር። ይሄ ግን ምንም! ሆዱ ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር ብቻ። ልብስ ሰፊዋ ጮኸች፣ መምህሩ ትከሻዬን ጨበጠኝ፣ የእንጨቱ ሹፌር ፍሬን ይዞ አሳለፈኝ እንጂ ይሄን ደብዳቤ ሌላ ሰው ይጽፍልህ ነበር። የአውቶቡሱ ሹፌር መስኮት ከፍቶ የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም። መምህሩ ሆስፒታሉ በር ስንደርስ "እትዬ፣ ዛሬ ትርፍ ቀን ነው የተሰጠን" አለኝ።

ቤት ገብቼ ለጋሼህ ስነግረው ወንበር ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። "አንቺ ለምን ትቀድሚያለሽ?" አለኝ። እኔን! መኪናውን አይደለም፣ እኔን!

ያዘዝከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነው። የናፍጣውን አስቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ጭስ የለም፣ ጥቁርም ነጭም። ጎማዎቹን እንደ ትኩሳተኛ ልጅ ግንባር በየተራ ዳበስኳቸው፣ ሁሉም ልክ ናቸው። ፉ የሚል የተቀደደ ነገርም የለም። ሲነሳ ደህና ይነሳል። ማርሽ ቀይሬ አሁን ይብረር ስል ግን ትንፋሹን ይይዛል።

ፉጨቱ ግን ጠፍቷል። አንተ እስክትጠይቀኝ ድረስ መጥፋቱን ልብ አላልኩም ነበር። ምን ማለት ነው?

አክስትህ

---

ታኅሣሥ 15 ቀን

ለእትዬ፣

ተርፈው የጻፉልኝን ደብዳቤ ሳምኩት። ፈጣሪ ያንን የእንጨት ሹፌር ይባርከው፣ እጁ አይዛል። እስከምንጨርስ ድረስ እባክዎ ማንንም አይቅደሙ። ይሄን ስል እንደ ጋሼ እርስዎን እየወቀስኩ አይደለም።

ፉጨቱ ጠፋ ማለት ተርቦው አየር እየገፋ አይደለም ማለት ነው። ግን ቢሞት ኖሮ ዘይት ይተፋ ነበር፣ ያጨስ ነበር፣ ብረት በብረት ሲፋጭ ይሰማዎት ነበር። እኔ ሞቷል ብዬ አላምንም። ተኝቷል። የሚቀሰቅሰው የለም።

ተርቦው ጎን ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አለች፣ የጫማ ቀለም ጣሳ የምታህል። ከሷ ቀጭን የብረት ዘንግ ይወጣል። ሞተሩ አየር ስቦ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ በኩል ቆርቆሮዋን ይመጥጣታል፣ ዘንጉ ይሳባል፣ ተርቦው ያኔ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ እርስዎ ኮፈኑን ከፍተው ዘንጉን እያዩ ጋሼ ሞተሩን ያስነሳ። ዘንጉ ከተንቀሳቀሰ ሐሳቤ ስህተት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ቱቦውን ከቆርቆሮዋ ነቅለው ጣትዎን አፉ ላይ ያድርጉ። ጣትዎን መሳብ አለበት። ካልሳበ ያ ቱቦ የሆነ ቦታ ተዘግቷል ወይ ተቀዷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ እየጨመቁ ይከተሉት።

ለብሎን አሁን ምንም አይበሉት።

የወንድምዎ ልጅ

---

ጥር 6 ቀን

ለጎበዙ የወንድሜ ልጅ፣

ተባረክ! ልጅ ይውጣልህ፣ እጅህ ወርቅ ይሁን፣ አለቃህ ሳይወድ በግዱ ይሹምህ!

እንዳልከኝ አደረግኩ። ጋሼህን ሞተር አስነሳልኝ ብለው ወገቤን አመመኝ ብሎ ገባ፤ መምህሩ ነው ያስነሳልኝ። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ቱቦውን ነቀልኩ፣ ጣቴን አደረግኩ፣ ምንም። በሞተሩ በኩል ነቅዬ ስሞክረው ግን ጣቴን እንደሚጠባ ሕፃን ሳበኝ። መሐል ላይ ነው ችግሩ ብዬ ቱቦውን እየጨመቅኩ ስሄድ ጠጠር የመሰለ ነገር እጄ ገባ። በመቀስ ቀደድኩት። ምን ወጣ መሰለህ? ብይ! የኩችኔታ ብይ፣ የምታብረቀርቅ የብረት ድቡልቡል፣ ሆን ተብሎ ቱቦው ውስጥ የተወተፈች! በራሷ እግር ሄዳ አልገባች መቼም።

ደሜ ፈላ። መምህሩ "ቆይ እትዬ፣ እናስብ" አለ። ሐሳብ! እኔ ብይዋን በመዳፌ ጨብጬ በእግሬ ብሎን ጋራዥ ድረስ ሄድኩ። ግቢው ደንበኛ ሞልቶታል። ብይዋን ብሎን እግር ሥር ወረወርኳት።

"ይቺን ታውቃታለህ?"

አነሳት። "የኩችኔታ ብይ ናት እትዬ።"

"ቱቦዬ ውስጥ ምን ትሠራለች? ተርቦ ልትሸጥልኝ ነው? ሦስት በሽተኛ ጭኜ አውቶቡስ ሥር ልገባልህ ነበር! አንተ ሌባ፣ አንተ ነፍሰ ገዳይ!"

"እትዬ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ ቱቦ አልነካሁም።"

"ሌባ ሲምል ሰው ይገረም!" አልኩት። አንድ ባለ ታክሲ ቁልፉን ከብሎን ጠረጴዛ ላይ አንስቶ ወጣ። ከዚያ ሌላው ተከተለው። ብሎን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ቀረ፤ የሚጠርገው ነገር ግን አልነበረውም። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል?

አዲስ ቱቦ ገጠምን። መኪናው ዳገቱን እያፏጨ ወጣው! ሦስቱም አጨበጨቡ። ጋሼህ ብቻ የብሎንን ውርደት ስነግረው እራቱን ሳይነካ ተነሳ። ወገቡ ብሶበት ይሆናል።

አክስትህ

---

ጥር 20 ቀን

ለእትዬ፣

መኪናዋ በመዳኗ ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን እንደ ልጅዎ ቆጥረው አንድ ነገር እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ ዛሬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ደብዳቤዎን መልሼ አነበብኩ። መኪናዋ ከደከመች በኋላ ነው ወደ ብሎን የወሰዷት፤ ከዚያ በፊት ማንም አልነካትም ብለውኛል። ታዲያ ብሎን ከመንካቱ በፊት የገባችውን ብይ እንዴት አድርጎ ያስገባታል? ብሎን ሰነፍ ነው፣ ሳይመረምር ይፈርዳል፣ በዚህ እኔም ተናድጄበታለሁ። እርስዎም ግን ሳይመረምሩ ፈረዱበት። በሰው ፊት! እንጀራው ላይ!

ቤታችሁ ውስጥ ማን ኮፈን ይከፍታል? ማንስ ዘንድ የኩችኔታ ብይ ይገኛል? ከዚህ በላይ አልጽፍም። እርስዎ ያውቁታል።

አክባሪዎ

---

መጋቢት 11 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደህና ነህ? እኔ ደህና አይደለሁም። ብዕር ለማንሳት ይሄን ያህል የቆየሁት ብዕሩ እንዳይቀጣጠል ፈርቼ ነው።

ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ጋሼህ ራሱ ነገረኝ። ብሎን ጋራዡን በቀን ዘግቶ እንደ ሥራ ፈት በር ላይ ተቀምጦ አይቶት መጣ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ፊቴ ቆመ።

"ብይዋ የኔ ናት" አለኝ።

"ምን?"

"ከብስክሌት ኩችኔታ አውጥቼ እኔ ነኝ የወተፍኳት። አንድ ታክሲ ነጂ ልጁ መኪና ይዞ እንዳይከንፍበት እንዲህ እንዳደረገ ሻይ ቤት ሲያወራ ሰምቼ ነው።"

ሳቄ መጣ መጀመሪያ፣ አልዋሽህም። ከዚያ እጄ የነበረውን ጭልፋ ወረወርኩት። ግድግዳውን ነው ያገኘው።

"እኔ ጎረምሳ ነኝ? ልትገድለኝ ነው?"

"እንዳትሞቺ ነው! ግራ ዓይንሽ አያይም። አንድ ሽማግሌ መንገድ ሲሻገር ከግራ መጥቶ ልትገጪው ነበር፣ አላየሽውም፣ እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ አየሁት። ሻይ ስትቀጂ ከኩባያው ውጭ ታፈሺያለሽ። ስንቴ ነገርኩሽ?"

"መቼ ነገርከኝ?"

"ዓይንሽን ታዪ ስልሽ 'አንተ ጆሮህን ታይ' አልሽኝ። ሁለተኛ ስልሽ ሳምንት አኮረፍሽኝ። ቀስ ካለች ሰው አትገጭም ብዬ..." ጭልፋውን ከወለሉ አነሳ። "ከእንጨቱ መኪና አጠገብ የሆነውን ስትነግሪኝ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ከዚያ ወዲያ አፌ አልከፈት አለ።"

አየህ? የሚፈራውን ለእኔ መናገር ከበደው፣ ብይ መወተፍ ግን ቀለለው! ከእንጨቱ መኪና በኋላ እንኳ አልነቀላትም! ዝም ብሎ ወገቤን አመመኝ!

በማግስቱ እጁን ይዤ ወደ ጋራዡ ወሰድኩት። የሰፈሩ ሰው ባለበት፣ ባለ ታክሲዎቹን ጭምር አስጠርቼ፣ እሱ ያደረገውን ተናገረ፤ እኔም "ሌባ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ሌባ አይደለህም፣ ይቅር በለኝ" አልኩ። ብሎን ሰማን። "ይቅርታውን ሰምቻለሁ" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ማታ ልጄ 'አባዬ፣ ሌባ ነህ እንዴ?' ብሎ ሲጠይቀኝ ግን እናንተ መጥታችሁ ትመልሱለታላችሁ?" ሰላም ሳይለን ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ጋሼህን ላዋርደው ብዬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጤነኛ መሆኔን በማኅተም አስመትቼ ግድግዳ ላይ ልሰቅልለት! ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ቀኝ ዓይኔን ሸፍና "ምን ይታይሻል?" አለችኝ። ጭጋግ። ወተት ውስጥ የገባሁ ይመስል። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ እስከዚያ መሪ እንዳልጨብጥ አስጠነቀቀችኝ።

እውነቱን ነበር! ይሄ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አናደደኝ።

አክስትህ

---

መጋቢት 25 ቀን

ለእትዬ፣

ፈጣሪ ብርሃንዎን ይመልስልዎ። ለሕክምናው የሚያስፈልገውን እኔ እችላለሁ፤ በዚህ እንዳይከራከሩኝ።

ጋሼ የፈራው ልክ ነበር፤ ያደረገው ግን ወንጀል ነው። ይሄን ለእሱም በእጄ ጽፌለታለሁ። መኪና ሲበላሽ ይመረመራል፣ ሰው ሲበላሽ ይነገረዋል። ሳይነግሩ በድብቅ ማሰር ፈሪነት ነው። ተናድጄበታለሁ፣ ደግሞም አዝኜለታለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሦስቱ ተሳፋሪዎችዎ እርስዎ በአንድ ዓይን ሲነዱ እንደነበር ያውቃሉ? ነፍሳቸው ናትና ሊነገራቸው ይገባል። አሁንስ ማን ያደርሳቸዋል?

የወንድምዎ ልጅ

---

ግንቦት 4 ቀን

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምና ጤና በደጅህ ይደር። ይሄን ደብዳቤ በሁለት ዓይኔ እጽፍልሃለሁ፤ መስመሬ ቀጥ ማለቱን ልብ በል።

እንዳልከኝ ሦስቱን ሰብስቤ ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

"እኛማ እናውቅ ነበር እትዬ።"

"ምን አላችሁ?"

"ከግራ ሰው ሲመጣ ኮሎኔሉ ለምን የሚስል ይመስልሻል?"

ያ ሳል! እኔ ብርድ መትቶት ነው ብዬ መስኮት እዘጋለት ነበር! መምህሩ ጫማውን እያየ "ብንነግርሽ ታቆሚያለሽ" አለኝ። "ብታቆሚ ደግሞ እኛ አንደርስም። ካልደረስን ምን እንደምንሆን ታውቂዋለሽ። አስበን ነው የተሳፈርነው።"

ያን ቀን ቁጣዬ መንገዱን ቀየረ። ሦስት ሰው በማሽን ለመታጠብ ሲል ዓይኗ ከማያይ አሮጊት ጋር ገደል ዳር ይሄዳል፣ የሆስፒታሉ የሠራተኞች አውቶቡስ ግን በደጃችን ባዶውን ሽቅብ ያልፋል! ሦስቱን ይዤ የትራንስፖርት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። "ደንቡ በሽተኛ መጫን አይፈቅድም" አለኝ።

"ደንቡ በአንድ ዓይን ዳገት መውጣት ይፈቅዳል?"

"ማመልከቻ ይዘው ይምጡ።"

"ማመልከቻዎቹ እኚህ ናቸው" ብዬ ሦስቱን ፊቱ ወንበር ላይ ደረደርኳቸው። ኮሎኔሉ ያበጠ እግሩን ጠረጴዛው አጠገብ ዘረጋ። የሚፈርመው ሰው እስኪመጣ ድረስ አንነሳም አልን፤ ኃላፊው ተናደደ፣ ተለማመጠ፣ ዘበኛ ጠራ፣ ዘበኛው የልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ዳይሬክተሯ መጥታ ሰማችን፤ አውቶቡሱ ይጭናቸው ብላ አዘዘች። እሑድ እሑድ ግን አይሠራም፤ ያንን ቀን የመምህሩ ወንድም ይሸፍናል። ለእሑዱም ጦርነቴ አላለቀም።

መኪናውን ብሎን በር ላይ አቁሜዋለሁ፤ ላላፊ አግዳሚው እንዲታይ፣ በእሱ እጅ መሆኑን ሰው እንዲያውቅ። ሰላምታ እስካሁን አልሰጠኝም። ሁለት ባለ ታክሲዎች ግን ተመልሰውለታል።

ዓይኔን ተሠራሁ። ፋሻው ሲነሳ ሐኪሟ "ፊት ለፊትሽ ምን ይታይሻል?" አለችኝ። ጋሼህ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። ስንት ጊዜ ሆኖኛል መሰለህ በደንብ ካላየሁት! ፂሙን አስተካክሎ አልተላጨም። ከዓይኑ ሥር የማላውቀው መጨማደድ ወጥቷል። ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ነው የመሰለኝ።

"አንድ የፈራ ሽማግሌ ይታየኛል" አልኳት።

"ልክ ነው፣ በደንብ ታያለሽ" አለች እሷ፣ እየሳቀች።

ይቅር አላልኩትም፣ እንዳትሳሳት። ወደ ቤት ስንሄድ ግን መንገድ ማቋረጫው ላይ ክንዴን ለመያዝ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው፤ የምቆጣ መስሎት። "ያዘኝ እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት። ያዘኝ። ቤታችን በር ድረስ አልለቀቀኝም፣ እኔም ልቀቀኝ አላልኩትም።

አምላክ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅህ።

አክስትህ